ብሉ ጄይ አያብረቀርቅም፦ ስለ አሮጌ የፕላስቲክ ወፍ ሞዴል ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከአጎቴ ዕቃዎች መሀል ባክማን የሠራው የብሉ ጄይ (ሰማያዊ የሰሜን አሜሪካ ወፍ) ፕላስቲክ ሞዴል አገኘሁ። ሳጥኑ ተከፍቷል። የሰውነቱ ሁለት ግማሾች ተጣብቀዋል፤ ግን አንዱ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሏል። አንዱ ክንፍ ተጣሟል፣ አንድ እግር ተሰብሯል። አብረው የተቀመጡ የደረቁ የቀለም ጠርሙሶችም አሉ። ቀለሞቹን በቲነር ላቅጥናቸው? መጋጠሚያውን ስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው? ሰማያዊውንስ በመኪና ሜታሊክ ስፕሬይ ልቀባው? ወይስ ቅርስ ስለሆነ ሳልነካው ልተወው?»

ከመጨረሻው ልነሳ። እሱ ካልተመለሰ የቀሩት ትርጉም የላቸውም። ሞዴሉ ቅርስ አይደለም። ባክማን እ.ኤ.አ. በ1833 በፊላደልፊያ የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በባቡር ሞዴሎቹ ነው። «የዓለም ወፎች» ብሎ ያወጣቸው ሞዴሎች በዘመናቸው በብዛት ተመርተው የተሸጡ የትርፍ ጊዜ ዕቃዎች ናቸው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተነካውን ነው። ክፍሎቹ ተያይዘው ከወጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ያልተነቀሉበትን፣ ሳጥኑ ያልተበላሸውን። የእርስዎ ተከፍቷል፣ ሙጫ ነክቶታል፣ እግሩም ተሰብሯል። ስለዚህ ያለ ምንም ስጋት ይሥሩት። ሳጥኑንና የመመሪያ ወረቀቱን ግን አይጣሉ።

የሳጥኑን ሥዕል ግን ለቀለም አይመኑት። አሮጌ ኅትመት ብርሃን ሲያገኘው ቢጫውና ቀዩ ቀድመው ይለቃሉ። ሰማያዊው ይቀራል። ሥዕሉ ላይ ያለው ወፍ ከእውነተኛው የበለጠ ሰማያዊ መስሎ የሚታየው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በሕይወት ያለ ወፍ ፎቶ ይፈልጉ። አንዱ ፀሐይ ላይ፣ አንዱ ጥላ ውስጥ የተነሣ ቢሆን ጥሩ ነው። ልዩነቱን ሲያዩ ለምን እንዳልኩ ይገባዎታል።

የደረቁት ቀለሞች ይወገዱ። ቲነር አይጨምሩባቸው፣ ክዳናቸውንም በጥርስዎ ለመክፈት አይሞክሩ። አሜሪካ ለቤትና ለልጆች መጫወቻ በሚሸጥ ቀለም ላይ እርሳስ የተባለውን ብረት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ደርቆ የተፈረፈረ ቀለም ደግሞ አቧራው ነው የሚያስፈራው። አጎትዎ ከክፍሎቹ አንዱን ቀብተው ከነበረም ያንን ቀለም በደረቁ አይፈግፍጉት። ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት አርጥበው ይሥሩ፤ ሲጨርሱ እጅዎንም ጠረጴዛውንም ይታጠቡ። ጤናው ይቅርና ለሥራውም ቢሆን፣ ያረጀ ቀለም ቢቀጥንም ጠጠር ጠጠር እያለ ነው የሚወጣው። የላባውን ቅርጽ ይደፍነዋል።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ። ሁሉንም ክፍል ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡ። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት እስካሁን ላዩ ላይ ሊኖር ይችላል። የዓመታት የእጅ ወዝም አለበት። ቀለም በሁለቱም ላይ አይዝም። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ አይወልውሉት፣ በራሱ ይድረቅ።

የተጣመመው ክንፍ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ነው፤ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይለሰልሳል። ስለዚህ የፈላ ውሃ አይጠቀሙ፤ ላባው ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ይጠፋሉ። የፀጉር ማድረቂያም አይሁን። ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ስለሚያከማች ጫፉ ሳይታሰብ ይኮማተራል። 60 ወይም 65 ዲግሪ የሆነ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ይንከሩት። በእርጋታ ወደ ትክክለኛው ቅርጽ፣ እንዲያውም ትንሽ አሳልፈው ያጥፉት። እንደያዙት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያስገቡት። አንዴ አይበቃም። ሁለት ሦስቴ ሲደጋገም ይመለሳል። በኃይል ከገፉት ግን አሮጌ ፕላስቲክ ነውና ቀጭ ይላል።

የሰውነቱ መጋጠሚያ ላይ ቆም እንበል፤ ያሰቡት መንገድ ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ነው። የሞዴል ሙጫ እንደ እንጨት ማጣበቂያ በመሀል ገብቶ የሚይዝ አይደለም። ፕላስቲኩን ራሱን አሟሙቶ ያዋህደዋል። ስለዚህ «ላላቅቀው» የሚባል ነገር ሁልጊዜ አይሠራም። መጀመሪያ ሞዴሉን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩት። አሮጌ የቱቦ ሙጫ ብዙ ጊዜ ስስ ሆኖ ነው የተቀባው። ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል፤ በጣት ቀስ ብሎ ሲጠመዘዝ መስመሩን ተከትሎ ሊከፈት ይችላል። እምቢ ካለ አይታገሉት። የከፍታው ልዩነት ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ከሆነ እንዳለ ይተዉት፤ ከላይ ይስተካከላል። ከዚያ ከበለጠ ብቻ በቀጭን የሞዴል መጋዝ መስመሩን ተከትለው ይክፈቱት።

ስቱኮውስ? ለጠፍጣፋ ነገር ጥሩ ነው። ለወፍ ግን አይሆንም። ስቱኮ ከፕላስቲኩ ይለሰልሳል ወይም ይጠነክራል። በላዩ ላይ መስመር ሲጭሩ ወይ ይፈረፈራል፣ ወይ መርፌው ወደ ጎን ይሸሻል። በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጉት ደግሞ ከስቱኮው ጋር በግራና በቀኝ ያለው ላባ አብሮ ይሄዳል። በጀርባው መሀል ለመሀል ራሰ በራ መንገድ የተዘረጋበት ወፍ ይቀርዎታል። ብዙ አሮጌ የወፍ ሞዴል የሚበላሸው በዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቀለም አያድነውም።

በምትኩ መሙያውን ከራሱ ከፕላስቲኩ ይሥሩት። ከፍሬሙ ላይ የማያስፈልጉ ቁርጥራጮችን አድቅቀው በትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ቀጭን ፈሳሽ የሞዴል ሙጫ ያፍሱባቸው። ሲያድር እንደ ወፍራም ማር ይሆናል። በስቴኪኒ ጫፍ እየወሰዱ መጋጠሚያው ላይ ይሙሉት፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቅር። ከዚያ ይተዉት። እውነቱን ለመናገር ሰው ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ላዩ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ቀናት ይፈልጋል። ሳምንት ቢሰጡት ጥሩ ነው። ቸኩለው ከጫሩት ቆይቶ ይሰረጉዳል፣ እንደገና መጀመር ነው። ሲደርቅ ከአካባቢው ፕላስቲክ ጋር እኩል ስለሚጠነክር እንደ አንድ አካል ይቀረጻል።

ትርፉን በከተር ጫፍ ይላጡ እንጂ አይፈግፍጉ። ከዚያ ላባውን ይመልሱ። ላባ እንደ ጣሪያ ክዳን ነው፤ ከራስ ወደ ጅራት የፊተኛው የኋለኛውን ይደርባል። በጀርባው ላይ ከግራ የመጣውን ላባ ጠርዝ አይተው መስመሩን ሞልተው ወደ ቀኝ ያሻግሩት። ጠርዙን በከተር ጀርባ፣ ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች በመርፌ። መርፌው ሁልጊዜ ወደ ጅራት ነው የሚሄደው። በሆዱ በኩል ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም። የሆድ ላባ ልስልስ ነው፣ ጠርዙም ጎልቶ አይታይም። ፈሳሹን ሙጫ በብሩሽ ቀብተው ፕላስቲኩ እንደለሰለሰ ባረጀና በጠነከረ ብሩሽ ጫፍ ነካ ነካ ያድርጉት። በቂ ነው። ይህን ሁሉ መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሥሩ፤ የሙጫው ትነት ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛል።

እግሩን በሙጫ ብቻ ለማያያዝ አይሞክሩ። ስብራቱ ላይ ያለው ፊት በጣም ትንሽ ነው፣ አይሸከምም። ከሁለቱም በኩል ግማሽ ሚሊሜትር በሆነ መሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጅተው ቀጭን ሽቦ ያስገቡ፤ በሱፐር ግሉ ይያዝ። ጣት ከጠፋም ከሽቦ ይሠራል። ሦስቱ ጣቶች ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ መሆናቸውን ብቻ አይርሱ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር በአካባቢው ላይ ይተዋል፤ ከቀለም በፊት ስለሆነ ግን ችግር የለውም።

ወደ ሰማያዊው እንምጣ። የመኪና ሜታሊክ ስፕሬይ አይሆንም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ኬሚካላዊ ነው። የመኪና ስፕሬይ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ብዙ ጊዜ ፖሊስታይሪንን ይበላል። ላዩ ይሸበሸባል፣ ይሰነጣጠቃል። ያ የደከሙበት ላባ ገደል ገባ ማለት ነው። ሁለተኛው ስለ ወፉ ራሱ ነው፤ ዋናው ስህተት ያለውም እዚህ ላይ ነው።

በብሉ ጄይ ላባ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የለም። ያለው ሜላኒን (ቆዳና ፀጉርን የሚያጠቁረው ቀለም) ነው፤ እሱ ደግሞ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ሰማያዊው የሚመጣው ከላባው ክሮች ውስጥ ካለው እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ጥቃቅን አሠራር ነው። ብርሃን ሲገባበት ሰማያዊውን ክፍል መልሶ ይበትነዋል፤ የቀረውን ከሥር ያለው ጥቁሩ ሜላኒን ይውጠዋል። ላባውን ከኋላ በኩል ብርሃን ቢያበሩበት ሰማያዊው ይጠፋና ቡናማ ሆኖ ይታያል። ላባው ቢደቅም እንዲሁ ሰማያዊነቱ ይጠፋል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ያብረቀርቃላ» ይላል። አያብረቀርቅም። ማብረቅረቅና ቀለም መቀያየር የጣዎስ ወይም የሀሚንግበርድ ነው። እነሱ ላይ ጥቃቅኑ አሠራር በሥርዓት የተደረደረ ስለሆነ ወፉ ሲዞር ቀለሙ ይለወጣል። የብሉ ጄይ ስፖንጅ ግን እንዲህ የተደረደረ አይደለም። ከየትኛውም ማዕዘን ቢያዩት ያው ሰማያዊ ነው፣ ደብዘዝ ያለ፣ ልስልስ። ሜታሊክ ቢቀቡት ወፍ ሳይሆን የዋንጫ ጌጥ ይሆናል። በማዕዘን የሚለዋወጡት ልዩ ቀለሞችም ለዚህ ወፍ አይሠሩም፤ ለሌላ ወፍ ያቆዩአቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተፈጥሮ እንዳደረገችው፣ ከሥር ጥቁሩን ያስቀድሙ። መጀመሪያ ለፕላስቲክ ሞዴል የተሠራ ግራጫ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ስስ አድርገው ይንፉ። ሰማያዊ የሚሆነውን ሁሉ፣ ማለትም ጉትዬውን፣ ጀርባውን፣ ክንፉንና ጅራቱን፣ በጥቁር ግራጫ ውስጥ ቡናማ ጠብ ባለበት አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ይቀቡ። ፊቱና ሆዱ ይቅሩ፤ እነሱ ብሩህ መነሻ ነው የሚፈልጉት። ጥቁሩ መሬት ሲደርቅ ሰማያዊውን በጣም አቅጥነው ይጀምሩ። አንድ እጅ ቀለም፣ ሦስት ወይም አራት እጅ ውሃ ወይም የአክሪሊክ ማቅጠኛ። የመጀመሪያው ሽፋን ምንም ያደረጉ አይመስልዎትም። ሦስተኛው ላይ ሰማያዊው ብቅ ይላል። በየመሀሉ በደንብ ይድረቅ፤ አለበለዚያ አዲሱ ብሩሽ የሥረኛውን ያነሣዋል።

ሰማያዊው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ጉትዬውና ጀርባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ግራጫማ ሰማያዊ ነው። ክንፉና ጅራቱ ግን ጥርት ያለ ደማቅ ሰማያዊ ነው። አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ሁሉንም መቀባት ትልቁ ጥፋት ነው። ለጀርባው አልትራማሪን ላይ ነጭና ትንሽ ግራጫ ይቀላቅሉ፤ ለክንፉ ኮባልት ሰማያዊን ከጥቂት ነጭ ጋር። ሙሉ የቀለም ስብስብ መግዛት አያስፈልግም፤ ሁለት ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ ይበቃሉ።

የአውሮፕላን ሞዴል የለመዱ ሰዎች ሲጨርሱ በየመስመሩ ጥቁር ውሃማ ቀለም ያፈሳሉ። ወፍ ላይ ይህን አያድርጉ። እያንዳንዱ ላባ በጥቁር ሲከበብ ወፉ መረብ የለበሰ ይመስላል። ጥላው ከሥር ካስቀመጡት ጥቁር መሬት ቀድሞውንም መጥቷል። በደረቅ ብሩሽ ጠርዙን ማንጣትም ቢሆን ከበዛ ዱቄት የተነፋበት ያስመስላል። የክንፉን ትልልቅ ላባዎች ጠርዝ ብቻ ትንሽ ነካ አድርጎ ማቆም ነው።

ነጩን ከጥቁሩ በፊት ይጨርሱ። ፊቱ ነጭ ነው፣ ደረቱ ግራጫ የነካው፣ ሆዱ ነጣ ያለ። ንጹሕ ነጭን ለክንፉ ነጠብጣቦችና ለጅራቱ የዳር ጫፎች ያቆዩት። ሁሉም ቦታ ከዋለ ለእነሱ የሚቀር ድምቀት አይኖርም። ጥቁሩ የመጨረሻው ነው። ክንፉና ጅራቱ ላይ ያሉትን አግድም መስመሮች በቀጭን ብሩሽ፣ ላባ በላባ ይሥሩ። ከላባው መሀል ተነሥተው ወደ ጠርዙ። ጥቁሩ ላይ ጠብታ ሰማያዊ ይጨምሩበት፤ ንጹሕ ጥቁር በዚህ ወፍ ላይ ቀዳዳ መስሎ ነው የሚታየው።

ከማጅራቱ ተነሥቶ በጉንጩ ዞሮ ደረቱ ላይ የሚገናኘው ጥቁር ሐብልስ? እዚህ ላይ ዘና ይበሉ። ይህ ምልክት ከወፍ ወፍ በጣም ይለያያል፤ ወፎቹ እርስ በርስ ለመለየት ሳይጠቅማቸው አይቀርም ይባላል። ስለዚህ ከመመሪያው ሥዕል በሚሊሜትር ቢለይ ማንም ተሳስተሃል አይልዎትም። ወንድና ሴቱም በመልክ ስለሚመሳሰሉ በዚያም አይጨነቁ።

ዓይኑን ጥቁር ይቀቡትና በላዩ አንድ ጠብታ አብረቅራቂ ቨርኒሽ ያስቀምጡ። ነጭ ነጥብ አይጨምሩበት። ቨርኒሹ ራሱ የክፍሉን ብርሃን ይመልሳል፤ የተቀባ ነጥብ ግን ወፉ ሲዞር አብሮ ስለሚዞር ያስታውቃል። ከዓይኑ በቀር ምንም ነገር መብረቅረቅ የለበትም። መንቁሩና እግሩ መጠነኛ ወዝ ቢኖራቸው ይበቃል። የቀረውን በአክሪሊክ ማት (የማያብረቀርቅ) ቨርኒሽ በስሱ ይሸፍኑ። ወፍራም ማት ሰማያዊውን አመድ ያስመስለዋል፤ ዘይት ያለበት ቨርኒሽ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ይቢጫል፣ ሰማያዊ ላይ ቢጫ ሲመጣ ወደ አረንጓዴ ይሄድብዎታል። መጀመሪያ ጅራቱ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ ይሞክሩት።

የማይመለስ ነገርም አለ። ፋብሪካው ላባውን የቀረጸው በዘመኑ አቅም ነው። አንዳንዱ ቦታ ወፍራም ነው፣ የክንፉ ጠርዝም ከእውነተኛው ይደነድናል። የክንፉን ጠርዝ ከሥር በኩል በከተር ትንሽ ማሳሳት ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሄዱ ግን ሞዴሉን ሳይሆን ሌላ ነገር እየሠሩ ነው፤ እኔ አልመክርም።

በአጭሩ የምመክረው ይህን ቅደም ተከተል ነው፦ ይጠቡት፣ ክንፉን ያቅኑ፣ መጋጠሚያውን በራሱ ፕላስቲክ ይሙሉ፣ ሳምንት ይታገሱ፣ ከጥቁር ተነሥተው በስስ አክሪሊክ ይቀቡ። ሜታሊኩን ስፕሬይ ገዝተው ከሆነ ይመልሱት። ሲያልቅ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ያርቁት። አቧራውን በደረቅና ልስልስ የመዋቢያ ብሩሽ ከራስ ወደ ጅራት ይጥረጉ። እርጥብ ጨርቅ አይንካው፤ ጨርቁ የላባውን ጠርዝ ይዞ ይጎትታል፣ መጀመሪያ የሚለቀውም ጉትዬው ላይ ያለው ቀለም ነው።